በሰባት የቆጠርንበት ሳምንት

ከአገና የመጣችው ልጅ የምትቀመጠው መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። ወልቂጤ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል እንደ እሷ የሚያዳምጥ አላየሁም። አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ስትናገር ቃል ትመርጣለች፤ ቢሆንም ባዮሎጂና ታሪክ ላይ ደህና ነጥብ ታመጣ ነበር። ሒሳብ ላይ ግን ታች ክፍል ሳለች ያመለጣት ነገር አለ፤ ማባዛትን በቃሏ አልያዘችም። ስድስት ጊዜ ስምንት ስትባል እጆቿን ከዴስኩ ሥር ደብቃ ጣቶቿን መቁጠር ትጀምራለች። እሷ ቆጥራ እስክትጨርስ ክፍሉ ሌላ ጥያቄ ላይ ደርሷል።

ፊተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ የክፍሉ አለቃ ይቀመጣል። አባቱ ከተማው ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። ልጁ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቱን ለማንም አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ይናገራል። ክፉ ልጅ አልነበረም። አለማወቅን ግን ቀምሶት ስለማያውቅ፣ የማያውቅ ሰው ሲያይ ሳቁ ይመጣበታል።

አንድ ቀን በቡድን የሠሩትን እየወጡ እንዲያስረዱ አደረግኩ። የአገናዋን ልጅ ቡድኗ ገፋፍቶ አወጣት። አሳምራ ጀመረችው። መሐል ላይ ሰባት ጊዜ ስምንት መጣባትና ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። እጇን የምትደብቅበት ዴስክ የለም፤ ሁሉም እያያት ነው።

«ካልኩሌተር ይምጣላት!» አለ አለቃው ከመቀመጫው።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ጠመኔውን ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አስቀመጠችና በሩን ከፍታ ወጣች። ክፍሉን ዝም አሰኝቼ፣ ለአለቃውም የሚገባውን ነግሬው ተከትያት ብወጣ ከግቢው ወጥታ ሄዳለች። በማግስቱ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም።

ጓደኞቿን ጠይቄ የአክስቷን ቤት አወቅኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። በእግሬ እየሄድኩ ምን እንደምላት አሰብኩ። «በርቺ» እንዳልላት በርትታለች። «ማባዛቱን አጥኚ» ማለትም ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን ሁሉ ያሉት ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ትዝ ያለኝ ራሴ ወልቂጤ የመጣሁበት ሰሞን ነው። እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። አባቴ ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ እየገዛ ይነግድ ስለነበር ያደግኩት ገበያ መሐል ነው፤ በጨዋታም በክርክርም የሚረታኝ አልነበረም። ወልቂጤ ተመድቤ ገበያ ስወጣ ግን ሴቶቹ በሰባት ቤት ጉራጊኛ ሲጫወቱ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር። ደፍሬ አንድ ቃል ብሞክር ከእናቷ ጎን የቆመች ሕፃን አረመችኝ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ያቺ ቡታጅራ ላይ ምላሷ የማይታሰር ሴት፣ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ማዶ አፍ ያልፈታች ልጅ ሆነች። ችሎታዬ የትም አልሄደም። አገሩ ነው የተቀየረብኝ።

እንግዲያው ክፍሉን በሙሉ፣ ማንም ቋንቋውን ወደማይችልበት አገር ልውሰደው አልኩ። እንዲህ ያለ አገር አውቃለሁ። ቁጥር የምንጽፈው አሥር አሥሩን እያሰርን ነው፤ አሥር ይሁን ብሎ ያዘዘን ግን የለም። በስምንትም፣ በአምስትም፣ በሰባትም እያሰሩ መጻፍ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ስማረው እኔንም አደናብሮኝ ነበር። የአክስትየዋን በር ሳንኳኳ ሐሳቤን ቆርጫለሁ።

አክስቷ ቆጮና ቡላ ይነግዳሉ። በሩን እንደከፈቱ ማን እንደሆንኩ ገባቸው።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። መምህሯ ነሽ አይደል? አልማርም ብላ እኮ አስቸገረችኝ። ፀጉር ቤት ሥራ አግኝቻለሁ ነው የምትለው። እናቷ ከአገና ትደውላለች፤ ምን ብዬ ልንገራት?»

«እስቲ እኔ ላናግራት፣ እናቴ» አልኳቸው።

ልጅቷ ከጓሮ መጣች። ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«ቲቸር፣ ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» አለችኝ፣ ገና ምንም ሳልላት።

«ለማን ነው የተፈጠረው?»

«ለሚችሉት።»

«ጥሩ። ከሰኞ ጀምሮ የማስተምረውን ከክፍሉ አንድም ሰው አይችለውም። መጥተሽ እዪ። ካልተስማማሽ ፀጉር ቤቱ የትም አይሄድም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አለቃውም አይችለውም?»

«አለቃውም።»

ሰኞ መጣች። እውነቱን ለመናገር ያመጣት የእኔ ምክር ሳይሆን ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ትመስለኛለች።

ክፍል እንደገባሁ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ምልክቶች ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ሰባትን፣ ስምንትንና ዘጠኝን በዳስተር አጠፋሁ።

«እነዚህ ሦስቱ ከዚህ ክፍል ወጥተዋል» አልኩ። «ከስድስት በኋላ ምን ብለን እንጽፋለን?»

ሰባት ተማሪ አስነስቼ ሰሌዳው ፊት አቆምኩ። «ሰባት ሰው ሲሞላ አንድ ቤት እንለዋለን። ቤቱ ሞላ፤ ከቤቱ ውጪ የቀረ ሰው የለም» አልኩና 10 ብዬ ጻፍኩ። «ይህ አሥር አይደለም። አንድ ቤት፣ ከውጪ ዜሮ ሰው። በእኛ ሰባት ነው።»

«ቲቸር፣ ሰባት ቤት ጉራጌ መሆኑ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ክፍሉ ሳቀ፤ የዚህ ሳቅ ግን ማንንም የሚያሳፍር አልነበረም። ስሙም በዚያው ጸደቀ፤ ሳምንቱን ሙሉ «የሰባት ቤት ቁጥር» አልነው። ሰባት ቤት ሲሞላ ምን እንበለው ብል «ሰፈር» አሉኝ። ሰባት ሰፈር ደግሞ «ከተማ» ሆነ። አርባ ዘጠኝ ሰው አንድ ሰፈር፣ ሦስት መቶ አርባ ሦስት ሰው አንድ ከተማ። እኔ ከመጽሐፍ ይህን ያህል የሚያምር ስም ላመጣላቸው አልችልም ነበር።

ከዚያ የማባዣ ሠንጠረዡን አብረን ሠራን። አጭር ነው፤ ከአንድ እስከ ስድስት ብቻ። ግን በቃሉ የያዘው ማንም የለም። ሦስት ጊዜ አራት አሥራ ሁለት ነው ብለው ሲጀምሩ «አንድ ቤት ከአምስት» እያልኩ 15 ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ዘወር ብዬ ሳይ የክፍሉ ጣት ሁሉ ከዴስክ በላይ ወጥቶ ይቆጠራል። አለቃውም ይቆጥራል። በዚያ መሐል ፈጣኗ የአገናዋ ልጅ ነበረች፤ ጣት መቁጠር ለዓመታት የሠራችው ሥራ ነዋ! ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ስታወጣ አየሁ። የሰጠችው መልስ ትክክል ነበር፤ እኔም «ትክክል» ብዬ ብቻ አለፍኩ። ማጨብጨብ ቢኖር ኖሮ እንደ ልዩ ነገር ይቆጠርባት ነበር።

ትልቁ ክርክር የመጣው ረቡዕ ነው። 12 ብዬ ጻፍኩና ተጋማሽ ነው ወይስ ኢተጋማሽ ብዬ ጠየቅኩ። ለሁለት እኩል ይከፈላል ወይስ ይተርፋል ማለቴ ነው።

«ተጋማሽ» አለ አለቃው። «መጨረሻው ሁለት ነው።»

«አይደለም» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል መጣ።

«መጨረሻው ሁለት አይደለም እንዴ?» ዞሮ ጠየቃት።

«ነው። ግን ይተርፋል።» ተነስታ ቆመች። «አንድ ቤት ሰባት ሰው ነው። ሁለት ሰው ደግሞ ውጪ አለ። ዘጠኝ ሰው። ጥንድ ጥንድ ስታደርገው አንድ ይቀራል።»

አለቃው ሰሌዳውን አየ፤ ጣቱን አየ። እውነቷን ነው። ፊቱ ቀላ። «ታዲያ መጨረሻውን ማየት ካልቻልን በምን እናውቃለን? ሁልጊዜ መቁጠር ሊኖርብን ነው?» አለ። የተናደደ ቢመስልም ጥያቄው የሳምንቱ ምርጥ ጥያቄ ነበር። እኔ መልሱን አውቃለሁ፤ ለመናገር ግን አልቸኮልኩም።

«እስቲ ለነገ አስቡበት» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራሁ። የአለቃው አባት ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሐጂ ናቸው፤ በከተማው የተከበሩ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት የሚሰስቱት ነገር የሌላቸው ሰው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ» አሉኝ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ።»

«ልጄ ሁለትና አምስት ሲደመር አሥር ነው ብሎ ሲጽፍ አየሁት። ምንድን ነው ብለው ቲቸር ናት ያስተማረችን አለኝ። እኔ ሰባት መሆኑን ዕድሜ ልኬን ሳውቅ ኖሬ ዛሬ ተሳሳትክ ልባል ነው? እስከ ባለፈው ሳምንት አንደኛ የነበረ ልጅ አሁን ራት እንኳን በሥርዓት አይበላም!»

ርዕሰ መምህሩ ሳል አለና «ከመጽሐፉ ወጣ ብለሻል ይባላል። ፈተናም እየደረሰ ነው» አለኝ።

አልደነገጥኩም። የማደርገውን አውቅ ስለነበር ድምፄን ከፍ ማድረግ እንኳን አላስፈለገኝም። «ሐጂ፣ እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ሰባት ነው» አልኩ። «ልጅዎም ትክክል ነው። ሰባቱን በሌላ አጻጻፍ ነው የጻፈው። እኔ ከምነግርዎ አሁኑኑ ክፍል ገብተው ከልጆቹ ይስሙ። ከሰሙ በኋላ ጊዜያቸውን አባክኛለሁ ካሉ ዛሬውኑ አቆማለሁ።»

ሐጂ ወደ ርዕሰ መምህሩ አዩ፤ ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ። ከዚያ ሁለቱም ተነሱ።

ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አለቃው አባቱን ሲያይ አንገቱን ሰበረ። እኔ ሰሌዳው ላይ 1111 ብዬ ጻፍኩ። «አንድ ከተማ፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ ቤት፣ አንድ ሰው። ይህ ተጋማሽ ነው ወይስ ኢተጋማሽ? እንግዶቻችንም መመለስ ይችላሉ።»

«ይሄማ ጎዶሎ ነው» አሉ ሐጂ ሳይውሉ ሳያድሩ። «በአንድ ያለቀ ቁጥር መች ይጋመሳል?»

«ሌላ የሚል አለ?»

የአገናዋ ልጅ እጇን አወጣች። ሰው መኖሩን አይታ ትንሽ አመነታችና ወደ ፊት መጣች። ጠመኔ አልያዘችም። ሰባት ልጆች በስማቸው ጠርታ አስነሳችና ጥንድ ጥንድ አድርጋ አቆመቻቸው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቀረች።

«ይኼ አንድ ቤት ነው» አለች። «ከአንድ ቤት ሁልጊዜ አንድ ሰው ጓደኛ ያጣል። ሰፈር ውስጥ ሰባት ቤት አለ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ጓደኛ ካጣ ሰባት ሰው ይሆናል። ሰባቱን እርስ በርስ ካጣመርን አሁንም አንድ ይቀራል። ከሰፈርም አንድ ማለት ነው። ከተማም እንደዚያው፤ ሰባት ሰፈር ነው፣ አንድ ይቀራል።» ወደ ሰሌዳው ዞረች። «ስለዚህ እዚህ ከከተማው አንድ፣ ከሰፈሩ አንድ፣ ከቤቱ አንድ፣ ውጪ የቆመው አንድ። አራት ብቸኛ አለ። አራቱ ይጣመራሉ። ተጋማሽ ነው።»

መልሱን ራሴ አውቀው ነበር፤ ከመጽሐፍ፣ በምልክትና በቀመር። በዚህ መንገድ ግን አስቤው አላውቅም።

«እንግዲህ በእኛ ቁጥር እናረጋግጥ» አልኩ። ሦስት መቶ አርባ ሦስት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሰባትና አንድ። ከኋላ ሐጂ ከሁላችንም ቀድመው ደመሩት።

«አራት መቶ!» አሉና ጮክ ብለው ሳቁ። «ወላሂ አራት መቶ ነው! በአንድ አልቆ አራት መቶ!»

«ደንቡን ማን ይንገረን?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ቁጥሮቹን መደመር ነው» አለች የአገናዋ ልጅ። «ድምሩ ተጋማሽ ከሆነ ሙሉ ቁጥሩም ተጋማሽ ነው። መጨረሻውን ብቻ ማየት ለአሥር ነው የሚሠራው።»

አለቃው ይህን ሁሉ ጊዜ ክንዱን አጣጥፎ ግድግዳ ላይ የለጠፍነውን የማባዣ ሠንጠረዥ ነበር የሚያየው። ያኮረፈ መስሎኝ ነበር። ድንገት ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ የስድስትን መስመር እዩት! 6፣ 15፣ 24፣ 33፣ 42፣ 51። ሁሉም ሲደመሩ ስድስት ይሆናሉ!» ወደ ሰሌዳው እየሮጠ መጣ። «በእኛ ቁጥር ዘጠኝ ነው እንዲህ የሚያደርገው። 18፣ 27፣ 36። እኔ ዘጠኝ የተለየ ቁጥር ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። የተለየ አይደለም! ከአሥር በአንድ ስለሚያንስ ነው። እዚህ ደግሞ ከሰባት በአንድ የሚያንሰው ስድስት ነው።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ ያልሽው እኮ ነው። ከየቤቱ ስድስት ሰው ብታወጪ አንድ ይቀራል። ሁለትም የሠራው ስድስትን እኩል ስለሚያካፍል ነው። ሦስትም ይሠራል ማለት ነው!»

«ሦስትም?» አለች እሷ፤ ወዲያውም የቆሙትን ሰባት ልጆች ሦስት ሦስት አድርጋ ማቆም ጀመረች። አንድ ቀረ። ተያዩና ሳቁ።

እኔ ከዚያ በኋላ የሠራሁት ነገር ቢኖር ጠመኔውን ለሁለቱ ትቼ ጥግ መቆም ነው። ደወሉ ሲደወል የተነሳ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ «ሌሎቹም ክፍሎች ይህን ማየት አለባቸው» አለኝ፤ እኔም «እኔ ዝግጁ ነኝ» አልኩት። ሐጂ ሲወጡ ልጃቸውን ትከሻውን ያዝ አድርገው «ራትህን ብላ እንግዲህ» አሉት። ለእኔ ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛዬን እየሰበሰብኩ ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ያን ቀን አበዛሁት» አለ እሱ። «ይቅርታ።»

«በጣም ነው ያበዛኸው» አለች። «የስድስቷን ነገር ግን እኔ አላየኋትም ነበር» አለችው።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ወደ አሥራችን ተመለስን። ተአምር ተፈጠረ ብዬ አላወራም። ልጅቷ ወዲያው አንደኛ አልወጣችም፤ ኋላም አልወጣችም። ማባዛቱን ግን ያዘችው፤ ያውም በራሷ መንገድ። የዘጠኝን መስመር ምክንያቱን ስለምታውቅ ያዘችው፤ የቀረውን ከእሱ እየተነሳች ሞላችው። ሰሌዳ ላይ ወጥታ ማሰብ ሲኖርባት ጣቷን ፊት ለፊት ትቆጥራለች፤ ማንም አይስቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ የአዋላጅነት ትምህርት ተመደበች። አሁን ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ አክስቷን ገበያ ሳገኛቸው ስለ እሷ ሳያወሩኝ አያሳልፉኝም። አለቃው ሲቪል ምሕንድስና ተማረ። ለበዓል ወልቂጤ ሲመጣ ደውሎልኝ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጀመሪያ ፈተና ሲወድቅ እንዳልደነገጠ፣ አለማወቅን ከዚያ በፊት አንዴ ተለማምዶት እንደነበር ነገረኝ።

እኔ እናቴ ስትታመም ዝውውር ጠይቄ ቡታጅራ ገባሁ። እዚህም ዘጠነኛ ክፍል ነው የማስተምረው፤ በየዓመቱ አንድ ሳምንት ለዚሁ እተዋለሁ። ለምን ከመጽሐፉ ትወጫለሽ የሚለኝ ሲመጣ ክፍል እንዲገባ እጋብዘዋለሁ፤ እስካሁን ገብቶ ተቃውሞ የወጣ የለም። ዘንድሮ ቁጥሩን በአምስት አደረግነው። ትናንት ከፊት ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ በአንድ ማሰር ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምልክቱ ምን ይሆናል፣ ዜሮስ እንዴት ይጻፋል፣ ቤቱ መቼ ነው የሚሞላው? ክፍሉ ይንጫጫ ጀመር። ጠመኔውን ሰጠኋትና «ነይ፣ ጀምሪው» አልኳት።